ጋሼ ከለንደን ወዴት ይሂድ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ ምርጫ ሕግም ሆነ ስለ በጀት አላወራም፤ የማወራው ስለ ወንድሜ ነው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፖለቲካ ወደ ቤታችን የሚገባው በምክር ቤት በኩል ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ በእናት ሣጥን በኩልም ይገባል።

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» እያልሁ ነው ያደግሁት። በ1982 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከካርቱም ለንደን ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ይህን ያህል ዓመት ያችን ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ። እኔ የተማርሁት፣ እኅቶቼ የተዳሩት፣ የእናታችን ቤት ቆርቆሮ የተለወጠው በዚያ አውቶቡስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ። ዛሬ ዕድሜው ስልሳ ሦስት ደርሷል፤ ስኳር አለበት፤ ባለቤቱ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗታል። አንዲት ልጁ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምትኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ ነው፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሑድ ደወለ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ የቀረኝ ሰው የለም። ጡረታዬ ሲደርስ የት ልኑር? ከልጄ ዘንድ ሆላንድ ልግባ ወይስ ባሕር ዳር ልመለስ? አንተ ዶክተር ነህ፤ ሆላንድንም ኖረህባታል። አጥንተህ ንገረኝ፤ ያልኸኝን አደርጋለሁ።»

«ያልኸኝን አደርጋለሁ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እሱ ያለኝን ሳደርግ የኖርሁ ሰው ነኝ። አሁን ተራው ዞሮ የእኔ ቃል የእሱን የመጨረሻ ዘመን ሊወስን ነው። ስለዚህ ለአንድ ጽሑፍ እንደማዘጋጅ ሁሉ ሕጎቹን አንድ በአንድ አገላበጥሁ። ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ፤ ራሳችሁ ከብሪታንያ ለመውጣት የምታስቡ፣ ወይም እንደ ጋሼ ያለ ዘመድ ያላችሁ ትጠቀሙበት ይሆናል።

ከብሪታንያ ወደ አውሮፓ

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ሰው ሻንጣውን ይዞ ሮተርዳም ወይም ማድሪድ ገብቶ መኖርም መሥራትም ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፁን ሰጠ፤ የመሸጋገሪያው ጊዜም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ የእንግሊዝ ዜጋ በሸንገን ሀገሮች ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ድሮ ቀኑ የሚቆጠረው ፓስፖርት ላይ በተመታ ማኅተም ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ግን አሻራና ፎቶግራፍ እየመዘገበ ቀኑን ራሱ የሚቆጥር ሥርዓት ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። «ጥቂት ቀን ባሳልፍ ማን ያየኛል» ማለት አብቅቷል።

ለእንግሊዝ ዜጋ እንደ ድሮው በሯን ክፍት አድርጋ የቆየች አንዲት የኅብረቱ አባል ሀገር አለች፤ እሷም አየርላንድ ናት። በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለው የጋራ የጉዞ ቀጠና ከአውሮፓ ኅብረት አባልነታቸው በፊት የነበረ በመሆኑ ከመለያየቱ ጋር አልፈረሰም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ መብት የዜጋ መብት ነው። በብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ይዞ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደብሊን ሄዶ ለመኖር ሌላው የውጭ ሰው የሚጠየቀውን ይጠየቃል።

ስፔን ሳይሠሩ በገቢያቸው ለሚኖሩ ሰዎች የምትሰጠው ቪዛ አላት፤ አመልካቹ በወር 2,400 ዩሮ ያህል ገቢ ወይም በዚያ ልክ የሚበቃ ተቀማጭ እንዳለው ማስረዳት አለበት። ፖርቱጋልም ቋሚ ገቢ ላላቸው ተመሳሳይ ቪዛ አላት፤ መለኪያዋ የሀገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሆነ ከስፔን ይቀልላል። ሆላንድ ግን ለጡረተኛ ተብሎ የተዘጋጀ ፈቃድ የላትም። ጋሼ ሊገባባት የሚችለው በር አንድ ብቻ ነው፤ የልጁ በር።

ልጁ ሆላንድ የገባችው ከ2020 መጨረሻ በፊት ስለሆነ በብሪታንያና በኅብረቱ መካከል የተፈረመው የመውጫ ስምምነት ይጠብቃታል። ስምምነቱ እንደ እሷ ያለ ሰው ወላጁን ወደ ራሱ ማምጣት እንዲችል ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ስደርስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስመለከት ግን ቆምሁ። ወላጁ የሚመጣው በልጁ የሚጦር ከሆነ ነው፤ ይኸውም ልጁ ባትረዳው መሠረታዊ ኑሮውን መግፋት የማይችል መሆኑ በሰነድ ሲረጋገጥ።

የገንዘብና የጤና ነገር ከተነሣ ግን አውሮፓ ለእንግሊዝ ጡረተኛ ጥሩ ቦታ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ የሚከፈለው በዜግነት ሳይሆን በተከፈለ መዋጮ ነው፤ ቢያንስ የአሥር ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል፤ ሙሉውን ለማግኘት ደግሞ በአዲሱ ሥርዓት በአብዛኛው 35 ዓመት። ባለመብቱ የትም ሀገር ቢኖር ይከፈለዋል። በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ ግን የትም ቦታ አይከተለውም። በኅብረቱ ሀገሮች ለሚኖር ጡረተኛ ጭማሪው ይደርሰዋል። የጡረታ ዕድሜው ከደረሰ ደግሞ ብሪታንያ የሕክምና ወጪውን የምትሸፍንበት ኤስ 1 የሚባል ቅጽ አለ፤ ይህን ይዞ በሄደበት የኅብረቱ ሀገር እንደ ሀገሬው ይታከማል። ከጡረታ ዕድሜው በፊት ከሄደ ግን ይህን አያገኝም፤ የመድን ክፍያውን ከኪሱ መክፈል አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ግልጽ ነው፤ ጡረታ ሳይደርስ መቸኮል አይገባም።

ሆላንድ ከገቡ በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ተመዝግቦ የነዋሪነት ቁጥር ማውጣት፤ ያለዚያ ቁጥር ሥራም ሐኪምም የለም። ቀጥሎ ነዋሪ በሆኑ በአራት ወር ውስጥ የጤና መድን መግባት። ከዚያ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ መመዝገብ፤ ያለ እሱ መሸኛ ወደ ሆስፒታል መሄድ አይቻልም፤ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር። በመጨረሻም የሚመጣን ፖስታ ሁሉ መክፈት። እኔ ዴልፍት በነበርሁበት በመጀመሪያው ዓመት በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ሰማያዊ ፖስታ ደረሰኝና ማስታወቂያ መስሎኝ ጣልሁት። ለካስ የግብር ወረቀት ኖሯል! ቅጣቱን ስከፍል ሆላንዶች ፖስታ የማይከፍት ሰው ምን ያህል እንደሚያስገርማቸው ተማርሁ።

ከብሪታንያ ወደ ባሕር ዳር

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። ጋሼ የእንግሊዝ ዜግነት በወሰደ ቀን ኢትዮጵያዊነቱ በሕግ ፊት አበቃ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በራሱ ፈቃድ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጪ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል፤ የሕጉ ተከራካሪዎችም «ሰውየው በፈቃዱ ሌላ ዜግነት ወሰደ እንጂ እኛ አልገፈፍነውም» ይላሉ። ክርክሩ በሕግ ቋንቋ ሊያስኬድ ይችላል። በጋሼ ቋንቋ ግን፣ ያንን ቅጽ ሲሞላ የፈለገው በእኩል ዓይን መታየትና ሥራው ላይ መቆየት ነበር እንጂ እናቱን መካድ አልነበረም።

ይህን ለማለስለስ ሲባል በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ወጣ። ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ የመጣው በዚህ አዋጅ ነው። ካርዱ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያም ሆነ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። የማይችለው ደግሞ አለ። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት አይቀጠርም።

በጎውን በጎ ማለት ተገቢ ነው፤ ይህ አዋጅ ለብዙ ሰው መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ የተሰጠ መብት መልሶ ሊታጠፍ እንደሚችልም አይተናል። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ግድም ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በመድን ድርጅቶች ያላቸውን አክሲዮን እንዲያስረክቡ ተገደዱ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ተመልሶ ተፈቀደላቸው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1388 መሠረት ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ምንም የደም ትስስር የሌለው የውጭ ዜጋ ቢያንስ 150,000 ዶላር ካወጣ የቤት ባለቤት መሆን ይችላል። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ይሻልና አልቃወምም። ግን ሕጉ ለዶላር የሚከፍተውን በር ያህል ለልጁ ስለ መክፈቱ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም።

ወደ ኪስ እንሂድ። እዚህ ላይ ጋሼን በጣም ያስደነገጠው ነገር አለ። የእንግሊዝ ጡረታ በኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ይከፈላል እንጂ ዓመታዊ ጭማሪ አያገኝም፤ ሲጀምር በነበረበት መጠን ቆሞ ይቀራል። ጭማሪው የሚደርሰው በኅብረቱ ሀገሮችና የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ባላቸው ጥቂት ሀገሮች ለሚኖሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ከነሱ መካከል የለችም። በነገራችን ላይ ይህ በእኛ ላይ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ካናዳና አውስትራሊያ የሚኖሩ የእንግሊዝ ጡረተኞችም ለዓመታት ሲያማርሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ጋሼ ይህን ስነግረው «ሠላሳ ምናምን ዓመት የከፈልሁት መዋጮ ስፔን ፀሐይ ላይ ብቀመጥ ያድጋል፤ ጣና ዳር ብቀመጥ ይደርቃል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ማለት ነው።

የብር ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። በፓውንድ ጡረታ ለሚቀበል ሰው ይህ ጥቅም ሊመስል ይችላል፤ የገበያው ዋጋም አብሮ እንደሚሮጥ ግን አይዘንጋ። ስለዚህ የሚመለስ ሰው ቁጠባውን በሙሉ በአንድ ቀን ብር አያድርግ፤ ለዲያስፖራ በተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ አስቀምጦ እንደሚያስፈልገው ይመንዝር።

ጤና ደግሞ አለ። የብሪታንያ ነፃ ሕክምና የሚሰጠው በዚያው ለሚኖር ነዋሪ ነው፤ ከሀገሩ ጠቅልሎ የወጣ ሰው እንደ ድሮው ሊጠብቀው አይገባም። ኤስ 1 የሚባለው ቅጽም ባሕር ዳር አይሠራም። በከተማችን ፈለገ ሕይወት አለ፤ ጥበበ ግዮን አለ፤ እውቀታቸውን የማከብራቸው ሐኪሞች አሉ። ኢንሱሊን ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜው መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

የቤቱንም ነገር ልጨምር። ጋሼ ለንደን ውስጥ የሚኖረው በማዘጋጃ ቤት የኪራይ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ዋና መኖሪያው መሆኑ ካበቃ መብቱ ይላላል፤ ሊወሰድበትም ይችላል። «ልሞክረውና ካልተስማማኝ እመለሳለሁ» የሚል ሰው የሚመለስበት በር ተዘግቶ ሊጠብቀው ስለሚችል ከመውጣቱ በፊት ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ መነጋገር አለበት።

ከእናቴ ሣጥን

ለቢጫ ካርዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊነትን የሚያስረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጋሼ የወጣው በእግሩ ነው፤ በጨለማ ድንበር የሚሻገር ሰው ዶሴ አይዝም። «እስቲ እማዬ ዘንድ ፈልግልኝ» አለኝ።

እናታችን ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል። ጉዳዩን ስነግራት ምንም ሳትጠይቀኝ ከአልጋዋ ሥር የእንጨት ሣጥኗን አስወጣችኝ። ከነጠላዎቿ በታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፊኬቱ ተቀምጧል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ አፍሮ ጠጉር አለው። ከዚያው ጋር ጣና ሐይቅ ትምህርት ቤት የተማረበት የውጤት ካርድ ነበረ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የትኛው ወረቀት ምን እንደሆነ ግን ለይታ ታውቃለች። «ይኸ ለምንድን ነው የተፈለገ?» አለችኝ።

«ጋሼ ኢትዮጵያዊ የነበረ መሆኑን ለማስረዳት ነው» አልኋት።

ዝም ብላ አየችኝ። ቆይታም «እኔ እያለሁ?» አለች።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ዜግነት ጽንሰ ሐሳብ አስተምሬ አውቃለሁ። ከዚህች ሁለት ቃል የበለጠ ጥያቄ ከተማሪዎቼ አልገጠመኝም። ምን ብዬ እመልሳለሁ? የእሷ ምስክርነት አይበቃም ልበላት?

ጋሼ ከዚህ በፊት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጥቶ ነበር። ያኔ መንግሥት ዲያስፖራው ለገና በገፍ ወደ ሀገሩ እንዲገባ ጥሪ ያደረገበት ወቅት ነው። ዓውደ ዓመቱን አብረን ዋልን፤ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፤ ከቡናው ጥላ ሥር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሲያይ የልጅነት ጓደኞቹን ስም እየጠራ ሳቀ። በማግሥቱ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ኢትዮጵያዊ» እና «የውጭ ዜጋ»። ጋሼ እስክሪብቶውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በመጨረሻ «አንተ ሙላልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ» አለኝ። መነጽሩ ከደረት ኪሱ ይታይ ነበር። እኔም «የውጭ ዜጋ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በእጄ ማለት ነው።

ሁለት ፊርማ

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው እንዲህ ነው። ጋሼ ሆላንድ ለመግባት ጧሪ የሚያስፈልገው፣ ራሱን የማይችል ሰው መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ቤተሰብ ሙሉ ሲጦር የኖረ ሰው። ባሕር ዳር ለመግባት ደግሞ የውጭ ዜጋ መሆኑን መቀበል አለበት፤ ይህን ያህል ዓመት «ሀገሬ» ሲል የኖረ ሰው። ስልኩ ላይ ራሱ እንዲህ ሲል አሳጠረው፦ «አንደኛው ጋ ድኻ ነኝ ብዬ፣ ሌላው ጋ ባዕድ ነኝ ብዬ ልፈርም ነው?»

ሦስተኛ መንገድ የለም ወይ? አለ። አዋጁ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ወደ ሀገሩ ተመልሶ መኖሪያውን ካደረገ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ከተወና ካመለከተ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ጡረታው በመዋጮ የሚገኝ ስለሆነ የእንግሊዝ ዜግነቱን በመተው አይቀርበትም። ነገር ግን በዚያ ቀን ልጁንና የልጅ ልጆቹን ለማየት የሸንገን ቪዛ ፈላጊ ይሆናል፤ በስልሳ ምናምን ዓመቱ ከባንክ ደብተሩ ጋር በኤምባሲ ደጃፍ ይሰለፋል። ያንን ሰልፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ ለወንድሜ አልመኝለትም።

የሁለት ሀገር ዜግነትን የሚቃወሙ ወገኖች ያላቸውን ስጋት አላጣጥልም። «መዘዙን የማይቀምስ ሰው ከሩቅ ሆኖ ለምን ይመርጥልናል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እኛም ብቻችንን አይደለንም፤ ሆላንድ እንኳ በጉዳዩ ላይ ጥብቅ ከሚባሉት ናት። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ፈቅዳ፣ ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን የሚይዙትን ግን ገድባለች። ለስጋቱ መልስ የሚሆነው ሥልጣንን መገደብ እንጂ ልጅን እንግዳ ማድረግ አይመስለኝም። ሐዋላውን «የዜጋ ድጋፍ» ብለን ተቀብለን፣ ላኪውን «የውጭ ዜጋ» በሚለው ሣጥን ማስፈረም የማይጣጣም ነገር ነው።

ያልጻፍሁት ምክር

እዚህ ድረስ የጻፍሁት የሕግ ነገር ነው። ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ጋሼ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። እናቴ እያለች እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ሥር አብረን እንድንቀመጥ፣ ሳይክል እየነዳን በአዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ እንድናልፍ እፈልጋለሁ። (ድልድዩ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ፎቶግራፍ ልኬለት «እንግዲህ መሻገሪያው ተሠራ» ብሎኝ ነበር።) «ና» ለማለት የሚበቃ ምክንያት ሞልቶኛል።

ነገር ግን ጥያቄው የመጣልኝ እንደ ወንድም ብቻ አይደለም፤ እንደሚያጠና ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ያለፈበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ሰነበተ፤ በብዙ ወረዳዎች ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። በዚያ ወቅት ጋሼ ሳምንታት ሙሉ ሲደውል ውሎ አላገኘንም ነበር። ስኳር ያለበት ሽማግሌ መድኃኒቱ የሚመጣበት መንገድ ቢዘጋ ምን ይሆናል? ማን ትክክል ነው፣ ማን ስሕተት ነው የሚለውን በሌላ ጊዜ ተከራክረንበታል፤ ወደፊትም እንከራከርበታለን። መንገዱን የዘጋው ማንም ይሁን ማን፣ ኢንሱሊኑ ግን አይደርስም።

ስለዚህ «ና» አላልሁትም። «ቅር» ለማለትም አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ። እንዲህ ስል ጻፍሁለት፦

አንደኛ፣ ጡረታህ ሳይደርስ ከለንደን አትነቅል፤ የኪራይ ቤትህንም ተስፋ ቆርጠህ አትልቀቅ። ሁለተኛ፣ ቢጫ ካርዱን አሁኑኑ በለንደን ካለው ኤምባሲ አውጣ፤ ማስረጃዎችህን በአስተማማኝ ሰው ልኬልሃለሁ። ካርዱ ሀገር ባይሆንም በር ይከፍታል። ሦስተኛ፣ የልጅህ ጉዳይ በመውጫው ስምምነት የተሸፈነ መሆኑን በሆላንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አረጋግጥ፤ ቅጹን መሙላት ግን ሕጉ የሚጠይቀውን በእውነት የምታሟላ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንህን እየቆጠርህ፣ የልጅ ልጆችህን ጠይቅ። አራተኛ፣ ገንዘብህን በሦስት ሀገር አትበትነው፤ ማንም ዘመድ፣ እኔም ብሆን፣ በስምህ ቦታ ልግዛልህ ቢልህ እሺ አትበል። መሬት የመንግሥት በሆነበት ሀገር የሚሸጥልህ ነገር ምን እንደሆነ በሕግ ባለሙያ ሳታስጠና አትፈርም። አምስተኛ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን መጥተህ ሞክረው፤ ነገር ግን ለጥምቀት ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ና። በጥር ባሕር ዳርን የማይወድ ማን አለ? ጭቃውን፣ የወባ ትንኙን፣ የመብራቱን መጥፋት ካየህ በኋላም ከወደድሃት ያኔ ቤትህ ናት።

ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ደወለልኝ። «ጥሩ ነው፤ የተማረ ሰው ምክር ነው» አለና ጥቂት ዝም ብሎ «አንተ ግን ምን ትፈልጋለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ብትመጣ ደግሞ እፈራለሁ» አልሁት።

«እሱን ነበር መጀመሪያ መጻፍ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከብሪታንያ ወደ ሌላ ሀገር ለሚዛወር ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ስለ ሰነድ፣ ስለ መድንና ስለ ጡረታ ነው፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ሰነዱ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የሄደ ሰው ሲጉላላ አይቻለሁና አላቃልለውም። ነገር ግን መኖሪያን መምረጥ የማን ጎረቤት፣ የማን ታማሚ፣ የማን ቀባሪ እንደምንሆን መምረጥም ነው። ይህን የሚሞላበት ሣጥን የሌለው ቅጽ ይዘን ነው የምንዞረው።

ጋሼ እስካሁን አልወሰነም። የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ አስገብቷል። ሰርተፊኬቱ ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ ሣጥኑን ስመልስ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበችኝ፦ «ሲጨርሱበት ይመልሱልኝ፤ የእኔ ነው።»

ቸር ወሬ ያሰማን።